ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር

እኔ እንኳን ስለ ጂኒ፣ ስለ መንፈስ ሲወራ ቀድሞ ሳቅ የሚመጣብኝ ሰው ነኝ፣ ብረት ቆራጭ ነኛ፣ ማሽን ከቆመ የቆመበት ምክንያት አለው፣ ፈልገህ ታገኘዋለህ፣ አለቀ። ይህን የምነግርህም ላስፈራራህ ሳይሆን እስካሁን ስለሚያናድደኝ ነው።

ኮኪት ባለው ጋራዣችን በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጋዝ መቁረጫ አለን፣ ቅርጹን በፍላሽ ትሰጠዋለህ፣ እሳቱን ይዞ ላሜራው ላይ ራሱ እየሄደ ይቆርጣል። የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ጋሼ ታከለ ከእርሻቸው መጡ፣ የውሃው ተጎታች ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝበት ብረት ተሰብሮባቸው፣ ሰሊጥ አጫጆቹ ደግሞ የነበረችውን ውሃ ጨርሰዋል፣ የቆላውን ፀሐይ መቼም ታውቀዋለህ።

«ልጄ፣ ሰው በውሃ ጥም ሊያልቅብኝ ነው» አሉኝ።

«አንድ ሰዓት አይፈጅም ጋሼ፣ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ» አልኋቸው፣ ምነው አፌን በቆረጠው።

ያለብኝን ሁሉ አደረግሁ፣ እመነኝ። ላሜራውን አስተካከልሁ፣ ማሽኑን ያለ እሳት አንድ ዙር አስኬድሁት፣ የቱቦዎቹን መጋጠሚያ በሳሙና ውሃ አየሁ፣ አንድ አረፋ የለም። ለኮስሁ። አንድ ስንዝር ሳይቆርጥ እሳቱ ደከመና ጠፋ። ሄጄ ባይ የጋዙ ቦምቦላ ተዘግቷል። መክፈቻ ቁልፉ እላዩ ላይ ነው፣ አደጋ ከመጣ ቶሎ እንዲዘጋ እዚያው ነው የሚቆየው። ባልደረባዬ ሞላ ነክቶት ነው ብዬ ጮህሁበት።

«ኧረ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አላልሁም!» አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ በሩ ላይ የመኪና ጎማ እየፈታ ነበር።

ከፈትሁ፣ ለኮስሁ፣ ጠፋ፣ አሁንም ተዘግቷል። ጋሼ ታከለ ብቅ እያሉ «ኸላስ? አለቀ?» ይሉኛል፣ «ገና ነው» እላለሁ። በሦስተኛው ከፍቼ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትሁት፣ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ተናድጃለሁ ስልህ። ማሽኑ ጋ እንደቆምሁ፣ በእሳቱ ፉጨት መሃል ሲጥ... ሲጥ የሚል ሰማሁ፣ ቫልቭ ቀስ ተብሎ ሲዞር የሚያሰማውን ድምፅ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ጭኔን ይቆረቁረኛል። እሳቱ ጠፋ።

በቃ ደሜ ፈላ። ቁልፉን መልሼ ሰክቼ ቦምቦላውን ከፈትሁ፣ እሳቱን እንደገና ለኩሼ፣ ማሽኑ እንደሆነ ራሱ ይሄዳል ብዬ፣ ከመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር መራቅ ክልክል መሆኑን እያወቅሁ፣ ቦምቦላው ሥር ተቀመጥሁና ቁልፉን በሁለት እጄ ጨበጥሁት። «እስቲ አሁን ዝጋ!» አልሁ ጮክ ብዬ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ቁልፉ በእጄ ውስጥ ዞረ። በትንሹ፣ ግን በሰው ጉልበት። መለስሁት፣ ታገለኝ፣ ታገልሁት። ማሽኑ የመጨረሻዋን ጠርዝ ሲጨርስ ጧ! አለ፣ እሳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ቱቦውን መቆጣጠሪያው አጠገብ፣ ሁልጊዜ እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ አፈነዳው። ወዲያው ቦምቦላውን ዘጋሁት፣ አሁን ያለ ትግል ዞረልኝ።

«ጋዙ እየተቆራረጠ ሲመጣ እኮ ነው እሳት ወደ ኋላ የሚመለሰው» አለኝ ሞላ እሳቱን አጥፍተን ስንጨርስ፣ «ያ የሚዘጋብህ ነገር ሊገድልህ ነበር።»

«ባይዘጋብኝ ኖሮ እዚያ መቆጣጠሪያው ጋ አልቆምም ነበር?» አልሁት።

ሞላ ብረቱን በየደላቸው፣ ውሃውም ሳይመሽ እርሻው ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ቦምቦላው ተዘግቶብኝ አያውቅም፣ ቱቦውም ተቀይሯል። ግን እሳቱ ሳይጠፋ አንድ ሙሉ ላሜራ ቆርጬ ስጨርስ ላብ ያሰምጠኛል፣ ሊገድለኝ ሞክሮ አቅቶት ሄዶ ከሆነ እሰየው፣ ከአደጋ ሲጠብቀኝ የነበረ ሆኖ ታግዬ አባርሬው ከሆነስ?