የሚያልበው ቆርቆሮ

ሽማግሌው በአዲሱ የድርቆሽ መጋዘን ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። መሰላሉ አጠገባቸው ወድቋል፣ ማጅራታቸው ተሰንጥቋል። መርማሪዋ ስትደርስ ረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት ወደው አይደለም፤ ነገር ካየች ሳትወጋ አታልፍም።

ወንድ ልጃቸው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ጣቱን አናጢው ላይ ቀሰረ።

«ገዳዩ ያውና! ምን ይመረመራል?»

አናጢው ምሰሶ ተክሎ፣ ጣሪያና ግድግዳውን በቆርቆሮ አልብሶ መጋዘኑን ካስረከበ ወር ሆኖታል። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ «ቆርቆሮህ ያልበዋል፣ ድርቆሼን አሻገተብኝ» እያሉ ሲሟገቱት ከረሙ። የሻገተው ድርቆሽ ተጥሎ መጋዘኑ ባዶውን ቀርቷል።

«ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እየተሰዳደቡ ገቡ» አለ ልጁ። «ይሄ ብቻውን ወጣ። አባዬ ቀድሞ የወጣ መስሎኝ ቆለፍኩት። አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ፤ ቁልፉም ከኪሴ አልወጣም። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ስከፍተው ይኸው!»

«ውሸታም! አብረን ነው የወጣነው!» አለ አናጢው።

ባል አግብታ ሌላ ሰፈር የምትኖረው ሴት ልጃቸው መርዶውን ሰምታ መጥታ ነበር። ዘልላ የአናጢውን ኮሌታ ጨመደደች።

«አንተ አረመኔ! ጣሪያህ ያንጠባጥባል ስላሉህ ትገድላቸዋለህ?»

«የእኔ ጣሪያ አያንጠባጥብም! ሃያ ዓመት ስሠራ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም!»

ሰውዬው ከእስሩ ይልቅ ስሙ አስጨንቆታል። ትዕቢት እንዲህ ያጃጅላል!

መርማሪዋ ቁጢጥ ብላ የሟቹን ኮት ዳሰሰች። ደረቅ ነው። የአፈር ወለሉ ግን ዶሮ የጫረው ይመስል በትንንሽ ጉድጓዶች ተበሳስቷል፤ ጣቷን ብትሰድ እርጥበት አገኘች። ሬሳውን አስነሳች። ከሥሩም ያው እርጥብ ጉድጓድ ነው።

«ወለሉን ማን ጠረገው?»

«እኔ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ» አለ ልጁ።

ሁሉንም በሩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«አናጢ፣ ጣሪያህ ያንጠባጥባል?»

«አልኩ እኮ፣ አያንጠባጥብም!»

«እንግዲያው የልጁ ቃል ጸና። እጅህን ለካቴና ስጥ።»

አናጢው ካቴናውን አየ። ላቡን ጠረገ።

«ያንጠባጥባል» አለ በቀጭን ድምፅ። «ከቆርቆሮው ሥር ላስቲክ ማንጠፍ ነበረብኝ፣ ዘለልኩት። ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፣ የመሬቱ እርጥበት ወጥቶ ይይዘዋል፣ ጎህ ሲቀድ ይዘንባል።»

«ተባረክ!» አለች መርማሪዋ። «ሰውዬው ከማታ ጀምሮ እዚህ ወድቀው ቢሆን ኮታቸው ይርስ ነበር፣ ከሥራቸው ያለው አፈርም ጠብታ አይነካውም ነበር። የሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ ወለሉ ትናንት ስለተጠረገ ጉድጓዶቹ የዛሬ ጎህ ጠብታ ናቸው። ጠብታው ካቆመ በኋላ አምጥቶ ያጋደማቸው ሰው አለ። በሩ ደግሞ ተቆልፎ ነበር።» ወደ ልጁ ዞረች። «ቁልፉ ከማን ኪስ ነው ያልወጣው?»

ልጁ ኪሱን በእጁ ሸፈነ።

«አንድ ቀን እንኳ በማለዳ ከአልጋህ ወርደህ ቢሆን ይህን ጣሪያ ታውቀው ነበር።»

«እርሻውን ለእሷ ሊሰጥ!» ብሎ ጮኸ ልጁ። «ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ነገረኝ! እኔ ልጁ አይደለሁም?»

ካቴናው እሱ እጅ ላይ ገባ። እህቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አናጢው ኮሌታውን እያስተካከለ ቀረባት።

«በይ እህቴ፣ ንጹሕ መሆኔን አየሽ። ይቅር ብዬሻለሁ።»

ቀና ብላ አየችው።

«አባዬ ‹ያንጠባጥባል› የምትለዋን አንዲት ቃል ከአፍህ ለመስማት ወር ሙሉ ለመኑህ። ለራስህ ነፍስ ሲሆን ግን አንድ ደቂቃ አልፈጀብህም። ሂድ ከፊቴ!»