አንሶላው ላይ የቀረው ጥላ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አልወድም፤ ፊደልን ያለ መምህር የለየሁ፣ ልጆቼንም «በዓይናችሁ ያላያችሁትን አታውሩ» እያልሁ የምቆጣ ሰው ነኝ፣ ችግሩ፣ ወዳጄ፣ ይኼንን በዓይኔ ማየቴ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ እዚህ በሱዳን ጠረፍ ባለችው በሽንፋ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወር፣ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ፊልም አንሺ መጣና ባለቤቴን ይርገዱን ከሰሊጡ ክምር አጠገብ ሊያነሣት ፈለገ። እሷ ግን ወንድሟ ሞቶባት ጠጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ነበር።

«ሐዘን ላይ ነኝ፣ ፊቴን አታነሣም» አለችው።

«ጥላዎንስ፣ እትዬ?»

«ጥላዬን ውሰድ፤ እሱ እንኳ ቀለብ አይፈጅብህም!» ብላ ሳቀች፤ ከሐዘኑ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

እመነኝ፣ እንደዚያ ያለ ታጋሽ ሠራተኛ አላየሁም፤ ፀሐይዋ ወደ ሱዳን እስክታዘቀዝቅ ካሜራውን ሳይነካ ዋለ፣ ከዚያ ነጭ አንሶላችንን ተውሶ ክምሩ ላይ ዘረጋና ጥላዋን እዚያ አሳርፎ አነሣው። የአንገቷ ሰበር ማለት፣ የትከሻዋ ድካም፣ ሁሉም እዚያ ነበር።

በዓመቱ ይርገዱን ወባ ነጠቀችኝ። ልጃችን ጥሩዬ ገና ጡት አልተወችም፣ ፎቶግራፍ ደግሞ አንድም የለን። ነፍስ ካወቀች በኋላ «አባዬ፣ እማ ምን ትመስል ነበር?» ስትለኝ «አንቺን» እላት ነበር።

ፊልም አንሺው ከዓመታት በኋላ ፊልሙን ሊያሳየን ተመልሶ መጣ፤ የያዘውን መጋረጃ ነፋስ ቀዶበት ያንኑ አንሶላ አዋስሁት። ዓይን ያዝ ሲያደርግ የመብራቱ ሞተር ተነሣ፣ ጥላዋ መጣ፣ ጥሩዬ እጄን ጨመቀች። ወዲያው ሞተሩ ጠፋ።

«ናፍጣውን ማን ጠጣው?» እያለ ሕዝቡ ይሳደባል። ጥላው ግን፣ ወዳጄ፣ አልጠፋም። ቀስ ብሎ እጁን አነሣና ሻሹን ወደ ጆሮው ሰበሰበ፤ ይርገዱ ከቤት ልትወጣ ስትል እንዲያ ታደርግ ነበር።

«ይኼንንም አንሥተኸዋል?» አልሁት ፊልም አንሺውን።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ያነሣኋቸው ቆመው ብቻ ነው» አለኝ፤ «መሣሪያውም እኮ ጠፍቷል!»

«እማ፣ ዙሪ» አለች ጥሩዬ።

ጥላው አንገቱን ማዞር ጀመረ። ይኼኔ ሞተሩ ተነሥቶ ብርሃኑ አንሶላውን ሞላው፣ ጥላው ጠፍቶ የቀረው የፊልሙ የሰሊጥ ክምር ብቻ ሆነ።

ጥሩዬ ዛሬም «መብራቱ ትንሽ ቢዘገይ ፊቷን አየው ነበር» ትላለች፤ እኔም እቆጣታለሁ። ግን ፀሐይዋ ወደ ሱዳን ስታዘቀዝቅ አንሶላውን ገመድ ላይ አሰጣለሁ፣ የራሴ ጥላ እንዳያርፍበትም ፈንጠር ብዬ እቆማለሁ። ሲጨልምም ፋኖሱን ቶሎ አላበራም።