በሰያፍ የተገፋው ቁምሳጥን

መካነ ብርሃን አጠገብ ገደል አፋፍ ላይ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። ገደሉን ሊያጠና የመጣው የሥነ ምድር ተመራማሪ ዶክተር አስናቀው በእንግዳ ቤቷ፣ አልጋው ላይ እንደተኛ ከባድ ቁምሳጥን ወድቆበት ሞቶ ተገኘ። ማታ ምድር ተንቀጥቅጣ ነበርና አገሬው «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ዐረፈ። ፖሊስ ግን ረዳቱን ላቀውን አሰረ፤ ከዶክተሩ ጋር ሲጨቃጨቁ የደብሩ መሪጌታ ዕንባቆም ሰምተዋላ! የሰው ነፍስ ነውና ዕድሜ ልክ ይጠብቀዋል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች ከጎንደር የመጣችው መርማሪ ሸዋአየሁ፣ የላቀውን ካቴና እያየች።

ቁምሳጥኑ ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል ነበር። ከፊቱ አልጋው፣ ከኋላው ሰው በግድ የሚያስቆም ጠባብ ቦታና ግድግዳ። ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለች፤ በሚስማሯ ደግሞ የላቀው ቦርሳ ተንጠልጥሏል። ሸዋአየሁ ተንበረከከች። የቁምሳጥኑ እግሮች ምንጣፉን ሸብሽበውታል፤ ሽብሽቡ ግን ሰያፍ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ጭቃ የሞላ ሣጥን አየች። «ይኼስ?»

«ዶክተሩ ለቆሎ ተማሪዎቹ ተራራ እንዴት እንደሚነሣ ያሳይበት ነበር» አለ ላቀው። «የእኛዎቹ ከእሳተ ገሞራ የተቆለሉ ናቸው። የሂማሊያ ዓይነቶቹ ግን ሁለት የምድር ሰሌዳዎች፣ ግዙፍ የዐለት ንጣፎች፣ ሲጋጩ ነው የሚነሡት። ፊት ለፊት ከተጋጩ ምድሩ ታጥፎ ይነሣል። በሰያፍ ከመጡ ግን ከፍም ይላል፣ ወደ ጎንም ይንሸራተታል፤ እጥፋቱም ሰያፍ ይሆናል።»

«እጥፋቱን ያየ ግፊቱ ከየት እንደመጣ ያውቃል ማለት ነው?»

«አዎን፣ ሥራችን እሱ ነው።»

«የማታው መንቀጥቀጥስ?»

«ኩባያ እንኳ አልገለበጠም።»

ወደ ዘበኛው ዞረች። «አያ ውዱ፣ ማታ ማን ገባ?»

«ማንም! የግቢውን በር ከውስጥ ቆልፌ እኔ፣ መሪጌታና ይህ ልጅ ብቻ ነን ያደርን። እኔማ ልጄ፣ በትሬንም በግድ ነው የማነሣት።»

ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መንቀጥቀጥ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል እንጂ ወደ አንድ ጎን አይገፋም። የገፋው ሰው ነው። ይህን ለመጣል የሚቀለው ጀርባን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፊት ለፊት መግፋት ነበር። ገዳዩ ግን ጥግ ቆሞ በሰያፍ ገፋ። ቁምሳጥኑ መጀመሪያ ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ ምንጣፉን ሸበሸበ፣ ከዚያ ወደቀ። ምነው ራሱን አስቸገረ?»



«ጀርባውን ሥዕሏ ላይ መደገፍ አልሆነለትም! ላቀውማ ቦርሳውን የሚሰቅልባት ናት። አያ ውዱ አቅም የላቸውም። መሪጌታ፣ ነፍስ ማጥፋቱን ሳይፈሩ ሥዕሏን ፈሩ?»

ወይ ሰው! መሪጌታ ዕንባቆም ወደ ሥዕሏ ዞሩ።

«‹ገደሉ ይናዳል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋ› ሲባል ከደጅ ሆኜ በጆሮዬ ሰማሁ። አባት እናቴ እዚህ ነው ያረፉ። ታቦቱን ከደብሩ ሊያስወጣብን! ነደድኩ።»

ካቴናው ሲፈታለት ላቀው እያለቀሰ ነበር።

«ይዘጋ ያልኩት እኔ ነኝ፣ መሪጌታ። ዶክተሩማ ‹ገደሉ ጽኑ ነው፤ ሰዎቹን ከደብራቸው አታፈናቅል› ብሎ ነው የተጣላኝ።»

 ሸዋአየሁ ካቴናውን መሪጌታ እጅ ላይ አሰረች።

«አሁን» አለ ላቀው፣ «ጥናቱን የምጨርሰው ይዘጋ ባዩ እኔ ብቻ ነኝ።»