የሰው ኩባያ

ጊዜያዊዋ ጸሐፊ የሞተችው በመጨረሻ የሥራ ቀኗ ጠዋት ነው። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሲያገኟት ተጠባባቂ ኃላፊው «ተኝታ ነው፤ መቼስ ማታ ትሰናበታለች» ብለው አልፈዋት ነበር። ጊዜያዊ ሠራተኛ ሲሞት እንኳ ቶሎ አይታወቅለትም።

መርማሪዋ አጭር ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ከሟቿ አጠገብ ያለውን ኩባያ አነሣች። ሙሽራና ሙሽሪት ታትመውበታል፤ ሥሩ ላይ የአይጥ መርዝ ዘቅጧል።

«ሙሽሪቷ እሷ ናት?»

«ኧረ እሷን ማን አግብቷት!» አለች ሻይ የምታፈላው ሴት። «የባለቦታዋ ነው። ወልዳ ዕረፍት ላይ ስለነበረች ልጅቷ በወንበሯም በኩባያዋም ስትገለገል ከረመች። ለጊዜያዊ ዕቃ አይመደብም።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ቀን እዚህ የሚውል ሁሉ።»

ባለቦታዋ ዛሬ ወደ ሥራ ልትመለስ ነበር፤ ሕፃኗ አተኩሶት አረፈደች። አሁን ታቅፋው ኮሪደር ላይ ቆማለች።

«ከልጅቷ ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«የምን ጠብ እቴ? በራሱ የሚሄድን ሰው ማን ይገፋዋል?»

መርፌ ወደ ኃላፊው ዞረች። «ደንቡ ምን ይላል?»

«ባለቦታዋ ስትመለስ ጊዜያዊዋ ትሰናበታለች። ባትመለስ ግን ቦታው ክፍት ይሆናል፤ ለመቀጠር ቅድሚያ የምታገኘው እዚያው የነበረችው ናት።»

«እርስዎ ተጠባባቂ ከሆኑ ስንት ዓመትዎ ነው?»

ኃላፊው ክራባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ይኼ ከሬሳው ጋር ምን አገናኘው?»

«ምንም። ገርሞኝ ነው።»

የሟች አባት የመሥሪያ ቤቱ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ከቤት ተጠርተው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቦታ ሞልቶ ሳለ ማንም አልተቀመጠም። ከዚህች ልጅ በቀር ሰው የላቸውም።

መርፌ ሁሉንም ሻይ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሻዩን ጠዋት እዚህ የነበረ ሁሉ ከአንድ ፔርሙስ ጠጥቷል፤ ስለዚህ መርዙ የነበረው ኩባያው ውስጥ ነው። ኩባያ የሚታጠበው ማታ፣ ሠራተኛ ሳይወጣ ነው፤ መርዙ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ደግሞስ ማታ የምትሰናበትን ልጅ መግደል ለማን ይረባል? የተፈለገችው ሙሽሪቷ ናት።»

ባለቦታዋ ሕፃኗን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ቀን የሚውል ሁሉ በዚህ ኩባያ የምትጠጣው ልጅቷ መሆኗን ያውቃል። የማያውቅ ቢኖር ሌሊት ብቻ የሚገባ፣ ቁልፍ በእጁ የሆነ ሰው ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ የልጅዎ ኩባያ የትኛው ነው?»

ሽማግሌው መደርደሪያው ላይ ጽጌረዳ ያለበትን ነጭ ኩባያ አመለከቱ። «ያ ነው። ገና ስትገባ ገዝተው ሰጧት። እንደ ቤተሰብ ነው የሚያዩኝ ብላኛለች።»

«እሱ የኔ ነው፣ አባባ» አለች ሻይ የምታፈላው፣ ቀስ ብላ።

«ታዲያ የሷስ?»

መርፌ በእጇ ያለውን አሳየቻቸው።

ሽማግሌው ኩባያው ላይ ያለችውን ሙሽሪት ሲያዩ ቆዩ። «ቋሚ እንድትሆንልኝ ነበር» አሉ። «እኔ ስሞት ብቻዋን እንዳትቀር።»

ከዚያም ፈረቃው እንዳለቀ ሰው፣ ቁልፎቹን ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስረከቡ።