የሻንሲ ቁጥር የሌላት ላንድሮቨር

ይሄን የምጽፈው ተረት ልነግራችሁ አይደለም። ያላመነ አይመን... እኔ ግን ቆሜ ያየሁት ነገር ነው።

ኅዳር 1994 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ ወጣ ብሎ፣ ጉም የዋጠው አንድ ግቢ።

ሌሊት አልነበረም። ሌሊት ቢሆንማ ዓይኔ አታሎኝ ነው ብዬ በተጽናናሁ።

ጌታነሽ እባላለሁ፤ ያኔ መሐል ሜዳ አስተማሪ ነበርኩ። ምንተስኖት ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን እሱን ወልዳ አራስ ቤት ስለሞተች ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ እንኳ አዝዬ የወሰድኩት እኔ ነበርኩ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ።

አድጎ መካኒክ ሆነ። ሲውል ሲያድር የሰው መኪና ይጠግናል፤ ምኞቱ ግን አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ገዝቶ፣ ፈታቶ፣ እንደገና መግጠም ነበር። ሚስት እንፈልግልህ ስለው "መጀመሪያ እሷን ላግኝ" ይለኛል። መኪናዋን እኮ ነው!

አንድ ቀን እየሮጠ መጣ። እማማ ወለተኪዳን የሚባሉ አሮጊት ጭድ ቤታቸው ውስጥ ላንድሮቨር አላቸው አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለሃያ ዓመት ያልተነካች።

"እትዬ፣ አብረን እንሂድ። አሮጊት ማግባባት አንቺ ትችያለሽ።"

ሄድኩ። ምነው እግሬን በሰበረው!

የጭድ ቤቱ በር ጠባብ ነው፤ በቅሎ እንኳ በግድ ነው የሚያስገባው። "ግድግዳውን አፍርሰን እናወጣታለን" አለኝ ወንድሜ። እንዴት እንደገባች ግን ሁለታችንም አልጠየቅንም።

ጭዱን ገፈፍን። ምንተስኖት ኮፈኑን ከፈተ። ባትሪ የለም፤ ቦታው ባዶ ነው። ለዚያ አልደነገጠም።

"ምነው ፊትህ ተለወጠ?"

"ቁጥር የላትም እትዬ።"

ቁጥሩ የሚጻፍበት ትንሽ ብረት ተነቅሏል። አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩ ዳግም የሚቀረጽበትን የሻንሲ ብረት በጣቱ ዳበሰ።

"በሞረድ አጥፍተውት ይሆናላ" አልኩት።

"ሞረድ ቢነካው ይታወቃል። ይሄ... ተጽፎበትም አያውቅም።"

ሊብሬም የለ። "የሌባ ዕቃ ነው፤ ተወው፣ እንሂድ" አልኩት በሹክሹክታ።

"ቆይ፣ ትንሽ ልቀመጥባት።"

ወንድሜ ሎጋ ነው። የማንም መኪና ላይ ሲወጣ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳይገፋ መቀመጥ አይችልም።

አሁን አልገፋም። ልክ ሆነለት...

መሪውን ያዘ። ቀኝ እጁ ሦስት ጣት ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱን የሞተር ቺንጋ ቆርጦበታል። መሪው ላይ በመያዝ ብዛት የተፋቀ ቦታ ነበር።

የሦስት ጣት።

እጁ እዚያው ላይ ልክክ አለ። እሱ ሳቀ።

እማማ ወለተኪዳን በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። ዋጋ ብናነሳ እጃቸውን አወናጨፉ።

"እሱ አያጣላንም ልጆቼ። አገሩ ገደል ነው። በጸሎት እንዳስበው የክርስትና ስሙን ብቻ ንገሩኝ።"

እኛ አገር ይሄ ምኑ ይደንቃል? ስንት አሮጊት ጠይቃኛለች፤ ለስንቷ ተናግሬያለሁ።

ምንተስኖት ግን የራሱን አያውቀውም። ማን ጠርቶት!

"እትዬ፣ ማን ነበርኩ?" አለኝ።

ነገርኳቸው... በገዛ አፌ። እዚህ ግን አልጽፈውም፤ አታስጽፉኝ።

ይባርክህ አላሉም። ወደ መኪናዋ ሄዱ፤ የተከፈተው ኮፈን ላይ ጎንበስ አሉና ስሙን ደገሙት። ቀስ ብለው፣ ለሞተሩ።

ከዚያ ኮፈኑን ዘግተው ወጡ።

"ምንተስኖት፣ ውረድ እንሂድ።"

መሪውን አልለቀቀም።

"ምንተስኖት!"

ፊት ለፊት ያያል። ከፊቱ ያለው ግን ጭድ ብቻ ነው።

በሩን ሳብኩት፤ እንቢ አለ። መስታወቱን በድንጋይ መታሁት፤ አልተሰበረም። አልቅሼ ለመንኩት፤ የማንን ልጅ እንደምጠራ የማያውቅ መሰለ።

ሲጨንቀኝ በክርስትና ስሙ ጠራሁት።

እሱ ዞር አላለም።

መኪናዋ ተነሳች።

እየጮህኩ ሰው ፍለጋ ሮጥኩ። ከአራት ጎረምሶች ጋር ስመለስ ጭዱ አለ፣ ግድግዳው ድፍን ነው። መኪናዋ የለችም፤ ወንድሜም የለም።

እማማ ወለተኪዳን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔ ስሙን አንዴ ብነግራት መስማቷን እንጃ ነበር። አንቺ ለምን ደገምሽላት ልጄ?"

ለፖሊስ አመለከትኩ። "የመኪናው ቁጥር ስንት ነው?" አለኝ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ፍትሐት እንኳ ሳላስደርግለት ቀረሁ። የንስሐ አባቴ ቄስ ዳኜ "የክርስትና ስሙን ካልነገርሽኝ ማንን ብዬ ልፍታው?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ያን ስም ከአፌ ለማውጣት እፈራለሁ።

በ2001 ግን አልቻልኩም። ወንድሜ ያለ ጸሎት መቅረቱ አንገበገበኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ታዛ ሥር ቆሜ፣ ስሙን ለቄስ ዳኜ በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው።

ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ምንም የሞተር ድምፅ አልነበረም። እፎይ ብዬ አለቀስኩ፤ ገብተን ፍትሐቱ ተደረገለት።

ውስጥ ሳለን ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ስንወጣ ቄስ ዳኜ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። እኔም ጭቃውን አየሁ።

የጎማ ዱካ ነው። ሁለት መስመር ሆኖ ከቅጥሩ በር ይገባል፣ በመቃብሮቹ መሃል ያልፋል፣ እኔ ቆሜ ስሙን ሹክ ያልኩበት ታዛ ሥር ሲደርስ ይቆማል። መኪና ግን የለም።

የገባበት እንጂ የወጣበት የለም።