የግዳጅ ቀን እንቁላል

ሽማግሌው የሞቱት ቁጭ ብለው ነው። ጀርባቸውን በአሮጌው የአውሮፕላን ሃንጋር ግድግዳ አስደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው በረዶው ውስጥ ተቀምጠዋል። ከፒጃማቸው በላይ የድሮ ቆዳ ጃኬት ደርበዋል። እግራቸው ላይ ግን የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር።

አያልነሽ አጠገባቸው ተንበረከከች። የካውንቲው የአስከሬን ምርመራ ቢሮ መርማሪ ከሆነች ወዲህ ብርድ የገደለውን ሰው ደጋግማ አይታለች፤ የዴንቨር መጋቢት ለማንም አይራራም። የእኚህ ሰው ነጭ ጢም ላይ ግን ቢጫ ነገር ደርቋል። በጓንቷ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«እንቁላል ነው» አለች። «ሳይነጋ ማን ቁርስ አበላቸው?»

አጠገቧ የቆመው ፖሊስ ትከሻውን ነቀነቀ። ለእሱ ነገሩ ያለቀለት ነው። ሟቹ ሚስተር ዋልተር ይባላሉ፤ ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ አእምሯቸው ከዛሬና ከሰባ ዓመት በፊት መካከል ይዋልላል። የሚኖሩት ከመንገዱ ማዶ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። የሌሊት ተረኛው ቸል አለ፣ እሳቸው ወጡ፣ በቃ።

«ተረኛው የአገርሽ ሰው ነው» አላት። «አነጋግሪውና እንጨርስ።»

«የአገሬ ሰው መሆኑ ምኑን ያስጨርሰዋል?» አለችና መንገዱን ተሻገረች።

ሎውሪ ድሮ የአየር ኃይል ሰፈር ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤትና የመኖሪያ ቤት ሞልቶታል። ወይዘሮ ጤናዬ ለመጦሪያ የገዙት ቤትም የመኮንኖች መኖሪያ የነበረ ነው። ሚስተር ዋልተር ሌላ ቦታ አልሄድም ብለው እዚህ የገቡት በሃያ ዓመታቸው ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ሰፈር ስለሆነ ነው። ከዚህ ተነስተው እንግሊዝ አገር ዘመቱ፤ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጅራት ላይ መትረየስ ይዘው ጀርመን ድረስ ተመላለሱ።

ቤቱ ውስጥ ያደሩት ሠራተኞች አራት ነበሩ። ባለቤቷ ወይዘሮ ጤናዬ በረዶው ስላስፈራቸው ግሪን ቫሊ ራንች ወዳለው ቤታቸው ሳይሄዱ ልጃቸው ሶልያና ክፍል አድረዋል። መድኃኒት የሚያድለው ዳኛቸው የሚኖረው ምድር ቤት ነው። ተረኛው ይመር ነበር። የቀሩት ሦስት አረጋውያን ያለ ረዳት ከአልጋ አይወርዱም። የውጭው በር አላርም ደግሞ የጠፋው በምስጢር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የሚያውቁት አራቱ ብቻ ናቸው።

አያልነሽ መጀመሪያ የገባችው ወጥ ቤት ነው። ምድጃው ቀዝቅዟል። መታጠቢያው ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ በአንድ ወገን ሦስት መጥበሻ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ለብቻው አንድ መጥበሻ ተሰቅሏል። የብቸኛው ጠርዝ ላይ የውኃ ጠብታ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

ሶልያና ከኋላዋ እያዛጋች ገባች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ትማራለች፣ ቅዳሜና እሁድ እዚህ ታጸዳለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«የፍስክ ነው። ሁዳዴ አይደል? እነዚያ ሦስቱ የጾም ናቸው። ቀዩ ስፖንጅ የፍስክ፣ አረንጓዴው የጾም። ማሚ ላይክ... ቺክን ነጌቱ ዘሎ ሽሮዋ ውስጥ የሚገባ ይመስላታል።»

«አንቺ አትጾሚም?»

«ሚ? ኖ። እኔና ይመር ነን የፍስክ ሰዎች። እሱ ሙስሊም ነው፤ ሌሊት እንቁላሉን ይጠብስና መጥበሻውን ሲንኩ ውስጥ ይጥለዋል። እኔም እንደዛው። ኤቭሪ ዴይ ጦርነት ነው።»

አያልነሽ ቀዩን ስፖንጅ ጨመቀችው። ውኃ ወረደ።

«ሚስተር ዋልተር እንቁላል ይበሉ ነበር?»

ሶልያና ፊቷ ተለወጠ። «የካርቶኑን ብቻ፣ ተመትቶ የሚሸጠውን። ከቅርፊቱ የተሰበረ እንቁላል ለሱ ክልክል ነው። ኖቬምበር ላይ አንዴ ጠብሼ ሰጠሁት፤ ከዚያ... ኦ ማይ ጋድ! ጃኬቱን ለብሶ በሩን ሊሰብር ደረሰ። ‹መኪናው ይሄድብኛል› ይላል። አራታችንም ነበርን፤ ሶፋው ላይ እስክናስቀምጠው አለቅን።»

«ለምን እንደዚያ ሆኑ?»

«በጦርነቱ ጊዜ ስኳድሮኑ ውስጥ በአዘቦት ቀን የሚሰጣቸው የዱቄት እንቁላል ነበር። ከቅርፊቱ የወጣ እንቁላል የሚበሉት ለግዳጅ በሚወጡበት ጠዋት ብቻ ነው። ሳይነጋ ይቀሰቅሷቸዋል፣ እንቁላሉን ይበላሉ፣ መኪና ወደ አውሮፕላኑ ይወስዳቸዋል። እንቁላል ካየህ ዛሬ ልትሞት ትችላለህ ማለት ነው፤ እሱ ነው ያለኝ።»

አያልነሽ ስፖንጁን ቦታው መለሰች። በሩ ሳይቆለፍ ቀርቶ የጠፉ ሽማግሌ አይደሉም። የሞታቸውን ቁርስ በሳህን ያቀረበላቸው ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አሳምሮ ያውቃል።

ይመር ሳሎን ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ከደሴ የመጣ ሰው ነው። ስታየው ብድግ አለ።

«እህቴ፣ አልተኛሁም። ወላሂ አልተኛሁም።»

«ታዲያ የት ነበርክ?»

«ኮሪደሩ ላይ።»

«ኮሪደሩ ላይ ከነበርክ ሽማግሌው በአፍንጫህ ሥር አልፈው ነው የወጡት። ይህን ከጻፍኩ አለቀልህ። የት ነበርክ?»

ይመር መሬት መሬት አየ። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ ቪዛቸው ደርሷል፤ የቀረው የእሱ ሥራና ንጹሕ ስም ነው። ተረኛነቱን ትቶ ሰው ገደለ ከተባለ ሁሉም ነገር አፈር ይበላል።

«ሱብሂ ስሰግድ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጓዳ ገብቼ። ሁልጊዜም ጎህ ሲቀድ እሰግዳለሁ። ከትጥበቱ ጋር ሩብ ሰዓት ብትሆን ነው። ስወጣ በሩ ገርበብ ብሏል። የእግራቸውን ዱካ ተከትዬ ሮጥኩ፤ በረዶው እየጣለ ሸፈነብኝ።»

«እትዬ ጤናዬ መስገድህን ያውቃሉ?»

«እሳቸውን እዚህ ውስጥ አታስገቢያቸው» አለ ይመር።

«እሺ። ስለ ሚስተር ዋልተር ንገረኝ። ከአንተ ጋር ይግባቡ ነበር?»

ፊቱ ትንሽ ፈካ አለ። «ለእኔ ሪፖርት ያቀርቡልኝ ነበር! ከበረራ ሲመለሱ እንደዚያ ነበር አሉ። ቡናና ዶናት ይሰጧቸዋል፤ መኮንኑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ይጠይቃል። የትኛው አውሮፕላን ወደቀ፣ ስንት ጃንጥላ ተከፈተ። መኮንኑ እኔ ነኝ። ተረኛነቴ ሲያበቃ ወጥ ቤት ዶናት ይዤ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ይናገራሉ።»

«ሰሞኑን ምን አሉ?»

«ያው ነው። ጓደኞቻቸው ሲወድቁ... ብቻ ትናንት ሌላ ነገር ቀላቀሉ። ‹ሦስት ቁጥር ላይ የነበረችው ሴትዮ ወደቀች። ሁለቴ ሰጣት፤ ሁለቴ ሲሰጣት አይቻለሁ። ጃንጥላ የለም› አሉ። እኔ ሳቅሁ። ‹ጌታዬ፣ አውሮፕላኑ ላይ ሴትዮ ምን ትሠራለች?› ስላቸው በጣም ተቆጡ። ‹ጻፈው!› አሉኝ። እስክሪብቶም አልያዝኩ፤ የምጽፍ መስዬ ጣቴን ጠረጴዛው ላይ አንቀሳቀስኩ።»

አያልነሽ ማስታወሻዋ ላይ ‹ሦስት ቁጥር› ብላ ጻፈች።

«ማን ሰማ?»

«ሁላችንም ነበርን። ሶልያና ሳቀች፣ እትዬም ሳቁ። ዳኛቸው የመድኃኒት ሳጥኑን ይዞ ቆሞ ነበር።»

ወይዘሮ ጤናዬን ያገኘቻቸው ልብስ ማጠቢያው ጋ ነው። የሚታጠፍ ነገር ባይኖርም ያጥፋሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ቤት ይዘጋብኛል» አሉ። «ሰኞ የስቴቱ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። እያንዳንዱን አረጋዊ ለብቻ ልታነጋግር።»

«ለምን?»

«እዚህ የነበረችው ሚስስ ሩት በጥር ሞታ ልጇ አቤት ብሎ ነው። ድንገት ነው የሞተችው ይላል። እኔ ምን አውቃለሁ፤ የእህቴ ሙት ዓመት ሆኖ ያን ወር ሙሉ አዲስ አበባ ነበርኩ።»

«የትኛው ክፍል ነበረች?»

«ሦስት ቁጥር። ከዋልተር ፊት ለፊት።»

«ይመር ጎህ ሲቀድ እንደሚሰግድ ያውቁ ነበር?»

«በፍጹም!» አሉ ወይዘሮ ጤናዬ በፍጥነት። «ተረኛነቱን ትቶ? ባውቅ ኖሮ ያን ቀን አባርረው ነበር።»

ይህን ሲሉ እጃቸው ላይ የነበረው የታጠፈ ነገር አረንጓዴ መስገጃ ነበር፤ ከቤቱ ፎጣዎች ጋር አብሮ ታጥቦ፣ አብሮ ደርቆ የወጣ። አያልነሽ አየችው። እሳቸውም ማየቷን አዩ።

ዳኛቸው አጭር መልስ ሰጣት። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቀን እዚህ፣ ማታ ሌላ መጦሪያ ይሠራል። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ተኝቼ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም አለ። «ይመር ሰነፍ ሰው አይደለም» ሲል ጨመረ፤ «ብቻ ትቶ ይሄዳል።»

«የት ይሄዳል?»

«ጠይቂው።»

ከሰዓት በኋላ አያልነሽ አራቱንም የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። ይመር እጁን በሁለት ጉልበቱ መካከል ቀርቅሯል፤ እጁ ላይ ካቴና ከወዲሁ የገባ ይመስል።

«አላረዝምባችሁም» አለች። «ሚስተር ዋልተር ጢም ላይ ያልተመታ አስኳል አለ። ከካርቶን የወጣ አይደለም። በግዳጅ ቀን የሚበሉትን እንቁላል አንድ ሰው ጠብሶ ሰጣቸው፣ ጃኬታቸውን አለበሳቸው፣ አላርሙን አጥፍቶ በሩን ከፈተላቸው። በራሳቸው እግር ሄደው መኪናው እስኪመጣ ጠበቁ። የኖቬምበሩን ጉድ አራታችሁም አይታችኋል። ስለዚህ ማንኛችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ።»

«እኔ አልነካሁትም!» አለች ሶልያና።

«አውቃለሁ። አንቺ ብትጠብሺ መጥበሻው መታጠቢያው ውስጥ ይገኝ ነበር። ይመርም ቢሆን እንደዚያው። እናትሽ ዓመቱን ሙሉ የጮኹባችሁ በዚህ አይደለም? ዛሬ ጠዋት ግን የፍስኩ መጥበሻ በቀይ ስፖንጅ ታጥቦ፣ ከጾሙ ተለይቶ፣ ቦታው ላይ ተሰቅሎ ነው ያገኘሁት። ውኃው ገና አልደረቀም። የጠበሰው ሰው ይጾማል። ይመር ላይ ሊያላክክ ፈልጎ ሳለ እንደ ይመር መታጠቢያው ውስጥ መጣሉን ረሳው፤ እጁ የለመደውን ሠራ።»

ወይዘሮ ጤናዬ አማተቡ። «እኔን ነው የምትዪው?»

«ጿሚዎቹ ሁለት ናችሁ። የቀረው ምክንያቱ ነው። ሚስተር ዋልተር ትናንት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሪፖርት አቀረቡ፤ ሳቃችሁባቸው። አውሮፕላኑ ላይ ሴት አልነበረችም። ሴት የነበረችው ሦስት ቁጥር ክፍል ውስጥ ነው፤ ሚስስ ሩት። አንድ ሰው መድኃኒቷን ሁለት ጊዜ ሲሰጣት በበሩ አይተዋል። ጃንጥላ የለም ማለት ደግሞ አልተረፈችም ማለት ነው። ሰኞ የመንግሥት ሰው ቁጭ ብላ ‹ምን አዩ?› ብትላቸው ምን ይሏት ነበር? እኚህ ሰው ሕይወታቸውን ሙሉ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሠለጠኑ ናቸው። በጥር እትዬ ጤናዬ አገር ቤት ነበሩ። መድኃኒት የሚያድለው አንድ ሰው ነው።»

ማንም ወደ ዳኛቸው ለመዞር አልደፈረም። እሱ ግን ጠረጴዛውን እያየ መናገር ጀመረ።

«ሁለት ቀን አልተኛሁም ነበር። መስጠቴን ረሳሁና ደገምኩት። ሲገባኝ እስትንፋሷ ቆሟል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ዋልተር እንዲሞት አልፈለግኩም። ከጠፋ በሩ የሚቆለፍበት መጦሪያ ይወስዱታል፣ ሰኞ እዚህ አይኖርም ብዬ ነው።»

«በነጠላ ጫማ?» አለች አያልነሽ። «ጃኬቱን ስታለብሳቸው ቡትስ ማድረግ ከበደህ?»

ዳኛቸው የራሱን ጫማ አየ።

«መጥበሻውንስ ለምን አጠብከው?»

ዳኛቸው ቀና አለ። ጥያቄው በእውነት የገረመው ይመስል ነበር።

«ጾም ነዋ» አለ።

ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ ሶልያና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ይመር ከተቀመጠበት አልተነሳም። ገዳይ ባይሆንም ቦታውን ትቶ የሄደ ተረኛ ነው፤ ይህን ያውቀዋል። አያልነሽም ታውቀዋለች። ወደ ወይዘሮ ጤናዬ ዞራ ጠበቀች። አልለመነቻቸውም።

ሴትዮዋ የሸማቸውን ጫፍ አፍተለተሉ።

«መስገጃውን የማጥበው እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ስገድ ብዬ የፈቀድኩለትም እኔ። በዚያች ሰዓት የሚተካው ሰው መመደብ ነበረብኝ፤ አልመደብኩም። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው። ቤቱን ከዘጉትም ይዝጉት።»

ይመር አፉን ከፍቶ አያቸው።

አያልነሽ ከቦርሳዋ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

«ሚስስ ሩትን በተመለከተ ያለኝ ምስክር አንድ ነበር፤ እሳቸውም ሞተዋል» አለች። «የነገሩት ለአንተ ነው። ዳኛቸው ነገ ጠበቃ ሲይዝ ዛሬ ያለውን ይክዳል።»

ይመር እስክሪብቶውን አነሳ። ትናንት ባዶ ጣቱን ባንቀሳቀሰበት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሽማግሌው እንዳዘዙት፣ ጻፈው።