መርፌው ተኝቶ ነበር

ተረት ለማውራት ዕድሜዬ አይፈቅድም፤ ለመዋሸት ደግሞ አመሌ አይፈቅድም። የሆነውን ነው የምነግራችሁ። አላምንም የሚል ካለ መብቱ ነው፣ እመነኝ ብዬ ጉልበቱ ላይ አልወድቅም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ።

ቦታው የሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ነው... ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ጠባብ ክፍል።

የሄድኩት በልጄ ምክንያት ነው።

ልጄን ሹክሹክ ነበር የምንላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ድምፅዋ ከአንገቷ አይወጣም። እኔ ደግሞ ግራ ጆሮዬ ከሞተ ቆይቷል፣ ቀኙም የሚሰማው በልመና ነው። ለደንቆሮ እናት እንዲህ ያለች ልጅ... ፈጣሪም አንዳንዴ ይቀልዳል።

ሹክሹክ ጠፋች። ጠዋት ለሥራ እንደወጣች ቀረች።

ያላንኳኳሁት በር የለም። ሬሳ ቤት ሳይቀር ገብቼ አንሶላ ገልጫለሁ።

የቀረልኝ ስልኬ ላይ የላከችው አንድ የድምፅ መልእክት ነው። "እማዬ..." ትላለች። ከዚያ ወዲያ ሹርታ ብቻ፣ ጣቢያ እንደሳተ ሬዲዮ ሹሹ የሚል። ታላቅ ወንድሟ ሰማው፣ ፖሊሶቹም ሰሙት። "ምንም አትልም፣ እየተነፈሰች ነው" አሉኝ።

እናት ነኝ። ልጄ ስትተነፍስና ስትናገር እለያለሁ።

የት እንዳለች እየነገረችኝ ነበር።

ጠጋኙ ስልኬን ከአንዲት የክብሪት ቤት ከምታህል ማሽን ጋር አገናኘው። አምፕሊፋየር ይላታል፣ ለማዳመጫ ጉልበት የምትሰጥ ናት። ከጎኗ መርፌ ያለው መለኪያ ሰካ። ማዳመጫውን ጭንቅላቴ ላይ አደረገና የቀኙን የጆሮ ትራስ ገለጥ አድርጎ ጮኸብኝ።

"እማማ፣ መርፌው ከተነሳ ጉልበት እየወጣ ነው። ከተኛ ምንም የለም።"

"ክፈተው።"

"እማዬ..." አለች ሹክሹክ። ከዚያ ሹርታ።

"ጨምር።"

ጨመረ። ቅንጣት ታህል ከፍ አለ።

"እጥፍ አደረግኩት" አለኝ፤ በተናገረ ቁጥር ትራሱን ገለጥ እያደረገ ይጮህልኛል።

"እጥፍህ ይሄ ነው? ጠላ ብትቀዳማ እንግዳ በጥም ይሞታል።"

"ጉልበትና ጩኸት እኩል አይሄዱም እማማ። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማዎ ጉልበቱ አስር እጥፍ መሆን አለበት።"

"አስር በሬ ጠምዶ የሁለት በሬ ማረስ። እንዲህ ያለ ገበሬ ልጆቹን በረሃብ ይፈጃል።"

ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ግን እዚያ ቤት ውስጥ የሳቀ የለም።

አስር እጥፍ አደረገው።

የልጄ ድምፅ ከፍ አለ። ሹርታውም አብሮ ከፍ አለ። ከሁለቱ ኋላ ግን አንድ ትንፋሽ ነበር... እሱ አልጨመረም። አልቀነሰም። ባለበት ነው።

ነገርኩት።

እጁ የድምፅ ማዞሪያው ላይ ቆመ። "ቅጂው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ አብሮ ይጨምራል እማማ። መርጦ የሚያጎላ ማሽን አይደለም።"

"አልጨመረም አልኩህ።"

"እንግዲያው... ከዚህ አይደለም የሚመጣው።"

"ከየት ነው ታዲያ?"

ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መለሰው። የልጄ ድምፅ ጠፋ፣ ሹርታው ጠፋ።

ትንፋሹ አለ። በዚያው ልክ።

የምሰማው በግራ ጆሮዬ ነበር... በሞተው።

ቀስ እያለ ትንፋሹ ቃል ሆነ።

"እማዬ... የሚቀልጥ የብየዳ እርሳስ ይሸተኛል... መስኮቱ ላይ ሰማያዊ ሸራ አለ... ግድግዳው ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች..."

ቀና አልኩ። ሰማያዊው ሸራ ከፊቴ ነው። ሬዲዮኖቹም።

"አረንጓዴ ሻርፕ አድርገሻል... አላውቀውም፣ መቼ ገዛሽው?"

ሻርፑን የገዛሁት እሷ ከጠፋች በኋላ ነው።

ጠጋኙ የቀኙን ትራስ ገለጠ። አፉን ጆሮዬ ላይ ለጠፈ።

"እማማ፣ ቅጂው አልቋል።"

"ዝም በል። እያወራች ነው።"

"መርፌውን ይዩት።"

አየሁት። ፊደል ባልቆጥርም የተኛውን ከቆመው እለያለሁ። ተኝቷል።

የማዳመጫውን ገመድ ከማሽኗ ነቀለና ጫፉን ዓይኔ ሥር አመጣው።

"አጠገብሽ ነኝ እማዬ" አለች ሹክሹክ። "ስጠራሽ ነው የከረምኩት... ለምን ዝም ትይኛለሽ?"

"ልጄ፣ እየሰማሁሽ ነው" አልኩ። "ንገሪኝ፣ እኔ እመጣለሁ። ማን ነው የወሰደሽ?"

"አትሰሚኝም..." ድምፅዋ እየሳሳ ሄደ። "አሁንም አትሰሚኝም..."

"ሰካው" አልኩት ጠጋኙን። "እስከ ጥግ አዙረው።"

"ጆሮዎ ይሄዳል እማማ። ያለዎት አንድ ነው።"

"ልጄን ካልሰማሁበት ምን ልሠራበት ነው፣ ጉትቻ ላንጠለጥልበት?"

"አላደርገውም። እኔም እናት አለችኝ።"

"እንግዲያው ዞር በል።"

ገፋሁት። ገመዱን ራሴ ሰካሁ። መልእክቱን እንደገና ከፈትኩ፣ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩ።

መርፌው ተስፈንጥሮ ጥጉን መታ።

"እማዬ" የሚለው ቃል ራሴን ለሁለት ሰነጠቀው። ከዚያ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ።

ከዚያ... ምንም።

መንገዱ ዝም አለ። ጠጋኙ ዝም አለ። እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት ጉሮሮዬ ስለተንቀጠቀጠ ነው። ልጄን ፍለጋ ግራ ጆሮዬን ሰጠሁ፣ ጠበቅሁ፣ ለመንኩ... እሱም ተዘግቷል።

ማዳመጫውን መንጭቄ አወለቅሁና አጠገቤ ባለው ባዶ በርጩማ ላይ ወረወርኩት።

አልወደቀም።

ከበርጩማው በላይ፣ በትከሻዬ ልክ፣ አየር ላይ ቆመ። ሁለቱ ትራሶች እንደተራራቁ ናቸው... በመሃላቸው ጭንቅላት የሚያህል ባዶ ቦታ።

ጠጋኙ ያንን ባዶ ቦታ እያየ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

አፉ ተንቀሳቀሰ። ቆመ። የሚያዳምጥ ሰው እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አደረገ። ራሱን ነቀነቀ። እንደገና አፉ ተንቀሳቀሰ።

"ምን አለችህ?" አልኩት። ድምፅ ይውጣኝ አይውጣኝ አላውቅም።

እሱ ወደ እኔ አልዞረም።

የዞረው ማዳመጫው ነው... ቀስ ብሎ... ወደ እኔ።